ዕጣው ለእናንተ ስንት ነው? የኮሎራዶን የኤልክ ታግ ዕድል በራስ ማስላት

ማርች ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውሉት ኦሮራና ዴንቨር ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። ጥያቄያቸውም ተመሳሳይ ነው። «እዚህ ዩኒት 20 በመቶ ይደርሳል አሉኝ፤ ልሙላ?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። 20 በመቶው የማን ነው?

በኤልክ ታግ ዕጣ ሰው ዓመታት የሚያባክነው ይህችን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው። ለአንድ ዩኒት የእኔ ዕድል፣ የእናንተ ዕድልና ከቴክሳስ የሚሞላው ሰው ዕድል ለየብቻ ነው። ሦስታችንን ደምሮ የሚያካፍል ቁጥር ለአንዳችንም አይሆንም። ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር ማውጣት መቻል አለባችሁ። ከባድ አይደለም። ወረቀት፣ ካልኩሌተርና አንድ ረጋ ያለ ምሽት ይበቃል።

ለአዲስ አንባቢ ሦስት ቃል ላስተዋውቅ። ዩኒት ማለት ግዛቱ ለአደን ከተከፋፈለባቸው ባለ ቁጥር አካባቢዎች አንዱ ነው። ታግ ማለት አንድ እንስሳ ለማደን የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ስሙ የመጣው የታደነው እንስሳ ላይ ከሚታሰረው ወረቀት ነው። ኤልክ ደግሞ ከአጋዘን ወገን ነው፤ ትልቅ ወንዱ ከ300 ኪሎ ያልፋል። ኮሎራዶ ውስጥ ከ250,000 በላይ ኤልክ አለ፤ ከየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ይበልጣል። ያም ሆኖ ጥሩ ጥሩውን ቦታ የሚፈልገው ሰው ከታጉ እጅግ ይበዛል። ለዚህ ነው ዕጣ የሚወጣው።

1. በቅድሚያ፣ ዕጣ ያስፈልጋችኋል ወይ?

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ኮሎራዶ ውስጥ በጠመንጃ ከሚታደንባቸው አራት ወቅቶች በሁለተኛውና በሦስተኛው፣ በብዙ ዩኒቶች፣ የወንድ ኤልክ ታግ ያለ ዕጣ ይሸጣል። ሱቅ ገብታችሁ ወይም ኢንተርኔት ላይ ትገዛላችሁ፣ አለቀ። እነዚህ ቦታዎች ላይ አዳኝ ይበዛል። ግን ዘንድሮውኑ ጫካ መግባት ለሚፈልግ ጀማሪ አጭሩ መንገድ ይህ ነው።

ዕጣ የሚያስፈልገው ለአንደኛውና ለአራተኛው የጠመንጃ ወቅት፣ ለአብዛኛው የሴት ኤልክ ታግ፣ እንዲሁም ቁጥሩ ለተገደበባቸው ዩኒቶች ነው። ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ሰው ከ2025 ጀምሮ የቀስት ኤልክ ታግም በአብዛኛው በዕጣ ሆኗል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀየር፣ የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን የቢግ ጌም ብሮሹር ሳታነቡ ምንም አትሙሉ። መሥሪያ ቤቱ ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ይባላል። ሁሉም ሰው በአጭሩ ሲፒደብልዩ ይለዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበለው።

2. ለመሙላት የሚያበቃችሁን አሟሉ

ከጃንዋሪ 1፣ 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ ካርዱን መያዝ አለበት። ትምህርቱን ለማርች መጨረሻ አታቆዩት። ቦታው ይሞላል።

ዕጣ ውስጥ ለመግባት በመጀመሪያ ብቁ የሚያደርግ ሌላ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ የትናንሽ እንስሳት ፈቃድ። ለአብዛኛው ጎልማሳ የሐቢታት ስታምፕ የሚባለው ክፍያም አለ። ዕጣው ባይደርሳችሁ ይህ ገንዘብ አይመለስም። እንደ ዕጣው መግቢያ ዋጋ ቁጠሩት።

ነዋሪ ለመባል ከማመልከታችሁ በፊት ባሉት ስድስት ተከታታይ ወራት ኮሎራዶ ውስጥ መኖር አለባችሁ። ይህ ለዕድላችሁም ለኪሳችሁም ትልቅ ነገር ነው። የኤልክ ታግ ለነዋሪ ከ100 ዶላር በታች ሲሆን ለሌላ ግዛት ሰው ብዙ መቶ ዶላር ነው። የዕጣው ድርሻም ይለያያል፤ እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ የሚከለክለው ሌላ ምክንያት ከሌለው ማደን ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ሳያማክር ጠመንጃ መግዛት ቀርቶ የጓደኛውንም አይያዝ። የፌዴራል ሕጉ ጥብቅ ነው። ለአንድ ኤልክ ብሎ ወረቀቱን ማንም አያበላሽ።

3. የዕጣውን ዓይነት ለዩ

ዕጣ ሁሉ አንድ አይደለም። ወገኖቼ ሦስቱን ዓይነት ቀድመው ያውቋቸዋል፤ ስማቸው ነው የሚለየው።

የመጀመሪያው እንደ ዲቪ ነው። አሥር ዓመት የሞላውና ዘንድሮ የጀመረው እኩል ናቸው። ኒው ሜክሲኮና አይዳሆ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ፖይንት የሚባል፣ በየዓመቱ የሚጠራቀም ነጥብ የላቸውም። የቨርጂኒያም ወገኖች ይህን ዓይነት ያውቁታል። ግዛቱ በ2022 የመጀመሪያውን የኤልክ አደን ሲከፍት ለሕዝብ በዕጣ የቀረበው ታግ 5 ብቻ ነበር።

በዚህ ዓይነት ዕጣ ሰው የሚሳሳተው መደመር ላይ ነው። «በዓመት 5 በመቶ ከሆነ በ20 ዓመት 100 በመቶ ነው» ይላል። አይደለም። የሚሰላው ያለመውጣቱ ነው። በዓመት ያለመውጣት ዕድላችሁ 0.95 ነው። እሱን አሥር ጊዜ በራሱ አባዙት። 0.60 ይመጣል። ስለዚህ በአሥር ዓመት ውስጥ አንዴ የመውጣት ዕድላችሁ 40 በመቶ ገደማ ነው። በ20 ዓመት 64 በመቶ። ከመቶው ሰው 36ቱ ሃያ ዓመት ሞልቶ ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነው።

ሁለተኛው እንደ ዕቁብ ነው፤ ተራ አለው። የኮሎራዶ የኤልክ ዕጣ ከዚህ ወገን ነው። ሞልታችሁ የመጀመሪያ ምርጫችሁ ካልወጣ አንድ ፕሪፈረንስ ፖይንት ታገኛላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ፖይንት ያለው ይቀድማል። ዕጣ የሚጣለው እኩል ፖይንት ባላቸው መካከል፣ ታጉ ሁሉንም ሳያዳርስ ሲቀር ብቻ ነው። ከዕቁብ የሚለይበት ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዕቁብ ውስጥ 20 ሰው ካለ በ20ኛው ዙር ሁሉም በልቷል። እዚህ ግን በየዓመቱ አዲስ አባል ይገባል፤ ታጉም እንደ አባላቱ ብዛት አይጨምርም።

ሦስተኛው እንደ ቶምቦላ ነው። ትኬት ያበዛ ዕድሉ ይበዛል፤ ግን ማንም እርግጠኛ አይደለም። ኔቫዳ እንዲህ ናት። እዚያ ያላችሁ ቦነስ ፖይንት በራሱ ይባዛና አንድ ይጨመርበታል። 5 ፖይንት ያለው 26 ትኬት አለው። 10 ፖይንት ያለው 101። ላስ ቬጋስ ያላችሁ ወገኖች፣ የዚህ ዓይነቱ ሒሳብ ቀላል ነው። የእናንተን ትኬት በጠቅላላው ትኬት አካፍሉና በታጉ ቁጥር አባዙ። 26 ትኬት ይዛችሁ፣ ጠቅላላው 40,000 ቢሆንና 10 ታግ ቢኖር፣ ዕድላችሁ 0.65 በመቶ ገደማ ነው።

የሚቀላቅሉም አሉ። ዩታ ግማሹን ታግ ብዙ ፖይንት ላላቸው ሰጥታ ግማሹን በዘፈቀደ ታወጣለች። ዋዮሚንግ ለሌላ ግዛት ሰዎች የኤልክ ታግ 75 በመቶውን በፖይንት፣ 25 በመቶውን በዘፈቀደ ትሰጣለች። ኮሎራዶ ራሷ ለነዋሪ 10 ፖይንትና ከዚያ በላይ በሚጠይቁ የዕጣ ኮዶች (እያንዳንዱ አደን የራሱ ኮድ አለው፤ ቀጥለን እናየዋለን) እስከ 20 በመቶ ያህሉን ታግ ቢያንስ 5 ፖይንት ላላቸው በዘፈቀደ ዕጣ ታወጣለች። ለሙስ (ከኤልክ የሚገዝፍ የአጋዘን ወገን)፣ ለተራራ ፍየልና ለዱር በግ ደግሞ ሌላ አሠራር አላት፤ ሦስት ፖይንት ከሞላ በኋላ ወደ ቶምቦላው ዓይነት ይዞራል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ስለ ኤልክ ነው።

4. ኮዱን አንብቡ

ማመልከቻው ላይ የምትሞሉት ኮድ ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሌላ አደን ነው የምትጠይቁት። ለማሳያ ይህን እንይ፦ ኢ-ኤፍ-012-ኦ2-አር። ኢ ኤልክ ነው። ኤፍ ሴት ማለት ነው፤ ኤም ቢሆን ወንድ፣ ኢ ቢሆን ከሁለቱ የፈለጋችሁትን። 012 የዩኒቱ ቁጥር ነው። ኦ2 ሁለተኛው የጠመንጃ ወቅት ነው። አር ራይፍል ነው፤ ኤ ቀስት፣ ኤም በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ።

ወቅቱ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ፒ ካያችሁ ቁሙ። የግል መሬት ብቻ ማለት ነው። የባለመሬት ፈቃድ ከሌላችሁ ታጉ ቢወጣላችሁም የምትገቡበት የለም።

ስለ ወቅት ካነሳን፣ የጾም ቀን መቁጠሪያችሁን አብራችሁ አስቀምጡ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ያሉ ናቸው፤ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ያልቃሉ። አራተኛው ግን ጾሙ አፋፍ ላይ ነው። ቤቱ የሚጾም ሰው ያን ሁሉ ሥጋ ፍሪዘር ሞልቶ እስከ ገና ያየዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቀስት ለሚወድ ወቅቱ ሴፕቴምበርን ይሸፍናል፤ እንቁጣጣሽ ውስጡ ነው።

5. የራሳችሁን ረድፍ ፈልጉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሲፒደብልዩ በየዓመቱ የዕጣውን ውጤት በፒዲኤፍ ያወጣል። በነፃ ነው። ሁለቱን ፈልጉ። አንደኛው እያንዳንዱ ኮድ በስንት ፖይንት እንዳለቀ በአንድ መስመር የሚናገረው ነው። ሁለተኛው ረጅሙ ነው። ለእያንዳንዱ ኮድ ከዕጣው በፊት ስንት ሰው እንደሞላና ከዕጣው በኋላ ስንቱ እንደደረሰው በፖይንት ከፋፍሎ ያሳያል።

አምና አንድ ወጣት ወዳጄ ቤቴ መጣ። ቡናው እስኪፈላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፈትን። ጣቱን የሠንጠረዡ ግርጌ ላይ አሳረፈና «ይኸው፣ ይህን ያህል ሰው ሞልቷል፤ ይህን ያህል ደርሶታል» አለኝ። ጠቅላላ ድምሩን ነበር የያዘው። እጁን ይዤ ወደ ላይ አወጣሁት። ነዋሪ የሚለው ዓምድ ላይ አቆምኩት። ከዚያ ወደ ግራ፣ የፖይንቱ ረድፍ ላይ። እሱ 1 ፖይንት ነው ያለው። በ1 ፖይንት ረድፍ ላይ የሞላው ሰው ብዙ ነው። የደረሰው ሰው ዜሮ ነው። ዝም ብሎ ትንሽ ቆየ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው የሞላው?» አለኝ። ብዙዎቹ እንደ እሱ ግርጌውን አይተው ነው።

ይህን በወረቀት እንሥራው። ቁጥሩን ለማስተማር እኔ የፈጠርኩት ነው። ለባለመሬቶች ተለይቶ የሚሰጠው ድርሻ ከተነሣ በኋላ አንድ ኮድ 100 ታግ ቀረው እንበል። ኮሎራዶ 75 በመቶውን ለነዋሪ፣ 25 በመቶውን ለሌላ ግዛት ሰው ታደርጋለች፤ በጣም ተፈላጊ ለሆኑት ኮዶች 80 ለ20 ነው። የእኛ 75 ለ25 ይሁን። ለነዋሪ 75 ታግ አለ። በመጀመሪያ ምርጫቸው የሞሉት ነዋሪዎች እነዚህ ናቸው፦

4 ፖይንት ያላቸው፦ 20 ሰዎች
3 ፖይንት ያላቸው፦ 35 ሰዎች
2 ፖይንት ያላቸው፦ 60 ሰዎች
1 ፖይንት ያላቸው፦ 90 ሰዎች
ምንም ፖይንት የሌላቸው፦ 150 ሰዎች

ከላይ ጀምራችሁ ቀንሱ። ባለ 4ቶቹ 20 ታግ ወሰዱ፤ 55 ቀረ። ባለ 3ቶቹ 35 ወሰዱ፤ 20 ቀረ። ባለ 2ቶቹ 60 ናቸው፤ 20 ታግ ለ60 ሰው። እዚህ ዕጣ ይጣላል፤ ዕድላቸው 33 በመቶ ነው። ከዚያ በታች ታግ የለም። ለባለ 1ና ለባለ ዜሮ ዕድሉ ዜሮ ነው።

አሁን ግርጌውን እዩት። 355 ሰው ሞላ፣ 75 ደረሰው። 21 በመቶ። ይህ 21 በመቶ ከእነዚያ 355 ሰዎች የአንዳቸውም ዕድል አይደለም። ወይ 100 ነው፣ ወይ 33 ነው፣ ወይ ዜሮ ነው። ስልክ ላይ የሚነገረኝ «20 በመቶ» አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

6. የሚሸሸውን ፖይንት አስሉ

«እንግዲህ ሁለት ዓመት ጠብቄ 2 ፖይንት ሲኖረኝ እሞላለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ያንኑ ምሳሌ ወደፊት እንግፋው። አዲስ ሰው የሚገባው ከታች ብቻ ነው እንበል።

በሁለተኛው ዓመት አምና ያልደረሳቸው 40 ሰዎች ባለ 3 ሆነዋል። ባለ 1 የነበሩት 90ዎቹ ባለ 2 ሆነዋል። 75 ታግ አለ። 40ው ወሰዱ፤ 35 ለ90 ሰው ቀረ። 39 በመቶ። በሦስተኛው ዓመት 55 ሰዎች ባለ 3 ናቸው። ባለ ዜሮ የነበሩት 150ዎቹ ደግሞ ባለ 2 ደርሰዋል። 55ቱ ወሰዱ፤ 20 ታግ ለ150 ሰው። 13 በመቶ። በአራተኛው ዓመት 130 ሰዎች ባለ 3 ናቸው። 75 ታግ ለ130። ባለ 2ቶቹ ምንም አያገኙም።

በመጀመሪያው ዓመት 2 ፖይንት ይበቃ ነበር። በአራተኛው 3 ፖይንትም አያስተማምንም። አሜሪካኖቹ ለዚህ የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኔ የሚሸሽ ፖይንት እለዋለሁ። እውነተኛው ዓለም ከዚህ ይከፋል፤ ሌላ ቦታ ፖይንት ሲያጠራቅም የቆየ ሰው ድንገት መጥቶ ከፊታችሁ ይሰለፋል።

ስለዚህ የአንድ ዓመት ውጤት አይበቃም። የአምስት ዓመት አውርዱ። አንድ ኮድ በየዓመቱ በስንት ፖይንት እንዳለቀ በተርታ ጻፉ። 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4 ከሆነ፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ፖይንት ይሸሻል፤ እናንተ በየዓመቱ አንድ ታገኛላችሁ፤ ትደርሱበታላችሁ። 15፣ 16፣ 17፣ 18፣ 19 ከሆነ ግን እኩል እየሮጣችሁ ነው። ክፍተቱ አይጠብም። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያሉት ዩኒት 2፣ 10 እና 201 ለወንድ ኤልክ ከ20 ዓመት በላይ የሚያስጠብቁ ናቸው። ውብ ቦታ ነው፣ የሚወጡት ኤልኮችም ግዙፍ ናቸው። ግን ዘንድሮ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው እኔ አልመክርም። ሰው ጉልበቱ እያለ ነው ተራራ የሚወጣው።

አንድ ነገር ጨምሩበት። እናንተ የምትሞሉት ኤፕሪል ላይ ነው። የዓመቱ የታግ ብዛት የሚጸድቀው ግን ሜይ ላይ ነው። ስንት ታግ እንዳለ ሳታውቁ ነው የምትገቡት። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ ሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ላይ ከባድ በረዶ ወረደ። ክሬግና ሚከር አካባቢ ብዙ ኤልክና አጋዘን በረሃብ አለቀ። መሥሪያ ቤቱ የ2023ን ታግ በእጅጉ ቀነሰ። የአምናውን ሠንጠረዥ ይዞ የገባ ሰው ሒሳቡ ሁሉ ተናጋበት። ስለዚህ ማርች ላይ የክረምቱን ዜና ስሙ። እንስሳቱ ከተጎዱ፣ ሠንጠረዡ ከሚለው ላይ ቀንሳችሁ አስቡ።

7. 100 በመቶን ጠርጥሩ

በዜሮ ፖይንት 100 በመቶ የሚወጣ ኮድ ስታዩ አትዝለሉ። ለምን ማንም አልፈለገውም ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ምክንያቱ መሬቱ በአብዛኛው የግል መሆኑ ነው። በተለይ ወደ ምሥራቅ ሜዳው ላይ እንዲህ ነው። ካርታ ክፈቱና ለሕዝብ ክፍት የሆነው የፌዴራል ደንና የቢኤልኤም (የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ) መሬት ስንት እንደሆነ እዩ። አንዳንዴ ደግሞ መኪና የማይደርስበት ገደል ነው። መቶ ኪሎ ገደማ ሥጋ በጀርባ ማውጣት ቀልድ አይደለም።

ሌላው የሚታየው የአደኑ ውጤት ነው። እሱንም ሲፒደብልዩ በየዩኒቱ ያወጣል። በግዛቱ ደረጃ አምስት ኤልክ አዳኝ ቢወጣ አንዱ ቢሳካለት ነው። ሁለቱን ቁጥር አባዙ። ታጉ 100 በመቶ ወጥቶ አደኑ 10 በመቶ የሚሳካበት ቦታ፣ ታጉ 25 በመቶ ወጥቶ አደኑ 40 በመቶ የሚሳካበት ቦታ ሁለቱም 10 በመቶ ናቸው። ግን አንዱ በየዓመቱ ጫካ ያስገባችኋል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይሻላል። መንገዱን፣ ነፋሱን፣ ዱካውን የሚያስተምር ታግ እጅ ላይ ያለ ታግ ነው።

8. አራቱን ምርጫዎች በዘዴ ሙሉ

ማመልከቻው አራት ምርጫ አለው። ይህችን ደንብ በደንብ ያዙ። ፖይንታችሁ የሚቃጠለው የመጀመሪያ ምርጫችሁ ሲወጣ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ምርጫ ቢወጣላችሁ ፖይንታችሁ አይነካም።

ይህን ሳላውቅ 6 ፖይንት አጥቻለሁ። ያን ዓመት ሩቅ መሄድ አልቻልኩም። በአቅራቢያ ያለ፣ በቀላሉ የሚወጣ የሴት ኤልክ ኮድ መረጥኩ። የመጀመሪያ ምርጫ አድርጌ ጻፍኩት። ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ የፖይንት ገጼን ስከፍት ዜሮ ይላል። ያ ታግ በሁለተኛ ምርጫም የሚተርፍ ነበር። የስድስት ዓመት ትዕግሥት በአንድ መስመር ሄደ። ዛሬም ያመኛል፤ ለዚህ ነው ለሰው ሁሉ የምነግረው።

መሙላት ያለባችሁ እንዲህ ነው። ፖይንት ማጠራቀም ከፈለጋችሁ፣ የመጀመሪያ ምርጫው ላይ የፖይንቱን ኮድ ጻፉ፦ ኢ-ፒ-999-99-ፒ። «ዘንድሮ ፖይንት ስጡኝ» ማለት ነው። ሁለተኛ ምርጫው ላይ በሁለተኛ ምርጫ የሚተርፍ ኮድ ጻፉ። እንደሚተርፍ የምታውቁት ከረጅሙ ፒዲኤፍ ነው። የሁለተኛ ምርጫ ዓምድ ላይ የደረሳቸው ሰዎች ካሉ ተርፏል። ሁሉም የመጀመሪያ ምርጫዎች አልቀው ነው ሁለተኛው የሚታየው፤ ስለዚህ ተፈላጊ ኮድ ሁለተኛ ላይ መጻፍ ቦታ ማባከን ነው። እንዲህ አድርጋችሁ በየዓመቱ ታድናላችሁ፤ ፖይንቱም ይጠራቀማል።

9. በቡድን ከሞላችሁ

ኮሎራዶ ውስጥ ቡድኑ የሚቆጠረው ትንሽ ፖይንት ባለው ሰው ነው። እናንተ 5፣ አጎታችሁ 4፣ አዲሱ ጓደኛችሁ ዜሮ ቢኖረው፣ ሁላችሁም ዜሮ ናችሁ። ዋዮሚንግ ውስጥ አማካዩ ይወሰዳል። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ፤ ከመሙላታችሁ በፊት ስንት ስንት እንዳላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። ለጓደኝነት ብሎ በቀላል ኮድ አብሮ መሄድ ይቻላል። የሚያሳዝነው ሳያውቁ ሲሆን ነው።

10. ቀኑ፣ ካርዱና ከዚያ በኋላ

ማመልከቻ የሚያበቃው በኤፕሪል የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ በዴንቨር ሰዓት ከምሽቱ 8 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ሰዓት። ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ እኔ የማስታውሰው በዚያ ነው። የመጨረሻዋን ሰዓት አትጠብቁ፤ ገጹ ይጨናነቃል።

የታጉ ክፍያ የሚቆረጠው ታጉ ሲወጣ ነው። ስለዚህ የመዘገባችሁት ካርድ እስከ ጁን የሚሠራ መሆኑን እዩ። ካርዱ ገንዘብ ከሌለው ወይም ጊዜው ካለፈ፣ በተሰጠው ቀን ካልከፈላችሁ ታጉ ይወሰዳል።

ውጤት የሚታወቀው በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ካልወጣላችሁ በጁን ሁለተኛ ዙር ዕጣ አለ። እዚያ የመጀመሪያ ምርጫም ቢሆን ፖይንት አይቃጠልም፤ ልጆች ቅድሚያ አላቸው። ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆነ ልጅ ያላችሁ ይህን ዙር አትለፉት። ከዚያ የተረፈው በኦገስት ዝርዝር ወጥቶ ለቀደመ ይሸጣል። ሰዎች የመለሱት ታግም በየሳምንቱ ይወጣል። ጠዋት ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ዝርዝሩን ማየት ልማድ አድርጉት። ባለቤቴ የመጀመሪያዋን ታግ ያገኘችው እንዲህ ነው፤ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ቁጭ ብላ፣ በስልኳ።

ታጉ በፖስታ ሲመጣ ሁለት ነገር እዩ። ኮዱ የጠየቃችሁት መሆኑን፣ ስማችሁም በትክክል መጻፉን። ከዚያ ኮዱን፣ ዓመቱንና የቀራችሁን ፖይንት በማስታወሻ ጻፉ። በሚቀጥለው ማርች ሠንጠረዡን ስትከፍቱ ጣታችሁን የምታሳርፉት እዚያ ቁጥር ላይ ነው።